የዝሆን ጥርስ፣ የሕግ ድድ

ባለሻንጣው ቦሌ ላይ ተይዟል እንበል። ሻንጣው ተከፍቷል፤ ከካልሲና ከሸሚዝ ሥር ነጭ ነገር ብቅ ብሏል።

«ስጦታ ነው።»

«ለማን?»

«ለእናቴ።»

«እናትህ ጥርስ አልቆባቸው ነው?»

«ጌጥ ነው እኮ ጌታዬ!»

«ለዝሆኑም ጌጡ ነበር።»

«እኔ አልገደልኩም፤ ገዝቼ ነው።»

«ደረሰኝ አለህ?»

«የለኝም።»

«ሟቹም የሞት ምስክር ወረቀት የለው። ተገጣጠማችሁ።»

ይህ ሰው የተረብ ቋሚ ደንበኛ ነው። ፓስፖርቱ ይለዋወጣል፣ ትራንዚቱ ይለዋወጣል፣ መልሱ ግን ያው ነው፤ ስጦታ ነው፣ ጌጥ ነው፣ የአጥንት መስሎኝ ነው። ከሱ ጋር ብዙ አልቆይም፤ ተሸካሚ ነው። ምላሴን የምስለው ሻንጣውን ላሸከመው ሰው፣ ሻንጣው እንዳይከፈት ስልክ ለሚደውለው ሰው፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለዝሆኑ ዋጋ ለተመነው ነው። ተማኙ ደላላው እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ሕገወጥ አዳኙንና ነጋዴውን በገንዘብ ሲቀጣ ከ5,000 ብር ተነሥቶ 30,000 ብር ላይ ቆመ። ወይም ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት እስራት። ወይም ሁለቱንም። ገንዘብ ያለው ሰው ጠበቃው የትኛውን «ወይም» እንደሚለምንለት ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

«30,000 ብር ትንሽ ነው እንዴ?» ይላል ጠበቃው ክራቫቱን እያስተካከለ።

«ለኔ ትልቅ ነው። እኔ ግን ዝሆን አልሸጥም።»

«አዋጁ ሲወጣ እኮ ብር ክብር ነበረው!»

እውነቱን ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከረውም። ያኔ 1 ዶላር ከ9 ብር ብዙ አይርቅም ነበርና 30,000 ብር ከ3,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ብር ሲወርድ ግን ቅጣቱም አብሮ ወረደ፤ ምክር ቤት ሳይሰበሰብ፣ እጅ ሳይወጣ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ሳይታተም። እ.ኤ.አ. በ2014 ዶላር 20 ብር ግድም ሲደርስ ጣሪያው 1,500 ዶላር ሆነ። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ ያልተቀረጸ የዝሆን ጥርስ በጅምላ ኪሎው 2,100 ዶላር ይሸጥ እንደነበር ሴቭ ዘ ኤሌፋንትስ የተባለው ድርጅት ያሳተመው ጥናት መዝግቧል። የሕጋችን የመጨረሻ ቁጣ የአንድ ኪሎ ጥርስ ዋጋ አልሞላም ማለት ነው። ከዚያ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጣ፤ ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ዶላር 100 ብርን ተሻግሮ ሄደ፤ ያችው 30,000 ብር ከ300 ዶላር በታች ገባች።

«ቢሆንም ቅጣት ቅጣት ነው።»

«ይሄማ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ነው። ከፍሎ፣ ቲኬቱን ተቀብሎ፣ ነገ እዚያው ይቆማል።»

«እስራትም አለ አይደል!»

«አለ። ትልቁን ነጋዴ እዚያ ውስጥ አሳየኝ።»

ጠበቃው ሰዓቱን አየ። ቀጠሮ አለበት። የሱ ነገር ሁሌ ቀጠሮ ነው። ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች፤ ከአጥቢ እንስሳት ሁሉ ረጅሙ እርግዝና የሷ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ስላላዩ ነው።

ዝሆኑ ጥርስ ስላለው ይሞታል፤ ሕጉ ጥርስ ስለሌለው ያስገድላል። በ2012 ዓ.ም. በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በአንድ ቀን 8 ዝሆኖች ተገድለው ጥርሳቸው ተነቅሎ ተገኘ። ስምንት! ይሄ ልጆቹ የተራቡበት ሰው በድንገት ያደረገው ነገር አይመስልም። ተኳሽ አለው፣ ነቃይ አለው፣ ጫኝ አለው፣ ጥርሱ ገና ዝሆኑ አፍ ላይ ሳለ ገዥ አለው።

እዚህ ላይ ሹሙ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በጉዳዩ ላይ ግንዛቤ እየፈጠርን ነው።»

«ለማን? ለዝሆኑ?»

«ለኅብረተሰቡ።»

«አዳኙ ግንዛቤ አጥቶ ነው እንዴ የገደለው? የጥርሱን ዋጋ ከኔም ከአንተም አብልጦ ያውቃል።»

«ዐውደ ጥናት አዘጋጅተን የጋራ አቅጣጫ አስቀምጠናል።»

«አቅጣጫውን ዝሆኑ ያውቀዋል፤ ወደ ሸሸበት ነው። ውሎ አበሉን ለስካውቱ ብትሰጡት ኖሮ ሌሊት ጫካ የሚያድርበት ጫማ ይገዛበት ነበር።»

ሹሙ ማስታወሻ ያዘ። ለሚቀጥለው ዐውደ ጥናት እንደ ግብዓት ይሆነዋል።

ጎረቤታችን ኬንያም አንድ ሰሞን እንደኛ በድዷ ነበረች። አሮጌው የ1976 ሕግ (እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው፤ ኬንያ ስገባ ሰዓቴንም ካላንደሬንም አስተካክላለሁ) የገንዘብ ቅጣቱ ከ40,000 ሺሊንግ አያልፍም ነበር። በ2013 አንድ ቻይናዊ 439 የዝሆን ጥርስ ቁራጭ ይዞ ተገኘና ፍርድ ቤቱ ሲቀጣው ለእያንዳንዱ ቁራጭ 1 ዶላር እንኳ አልደረሰም። ለቱሪስት የሚሸጥ የቁልፍ መያዣ ከዚህ ይወደዳል። ዋይልድላይፍ ዳይሬክት የተባለው የናይሮቢ ድርጅት ከ2008 እስከ 2013 አጋማሽ ፍርድ ቤት የገቡ የዱር እንስሳት ወንጀሎችን ሲያጠና፣ ጥፋተኛ ከተባሉት ውስጥ እስር ቤት የገቡት 4 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ።

«96ቱስ?»

«ለሥራ ወጥተዋል።»

ከዚያ አዲስ ሕግ ወጣ። የ2013 የዱር እንስሳት ጥበቃና አስተዳደር ሕግ ነው፤ በጥር 2014 ሥራ ጀመረ። ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን የገደለ ወይም ጥርስና ቀንዳቸውን የነገደ ቅጣቱ ከ20 ሚሊዮን ሺሊንግ የማያንስ ወይም ዕድሜ ልክ እስራት ሆነ። ከ40,000 ወደ 20 ሚሊዮን! ያን ወር ከሞዛምቢክ ተነሥቶ በናይሮቢ በኩል ወደ ቻይና የሚያልፍ አንድ መንገደኛ 3.4 ኪሎ ጥርስ በሻንጣው ይዞ አየር ማረፊያ ላይ ተያዘ። 20 ሚሊዮን ሺሊንግ ክፈል፣ ካልቻልክ 7 ዓመት ታሰር ተባለ። በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው ተቀጪ ሆነ። ባለ439 ቁራጩ ይህን ሲሰማ በቀደመው ዓመት ስለተያዘ አምላኩን ሳያመሰግን አይቀርም።

በ2012 ኬንያ ውስጥ 384 ዝሆኖች በሕገወጥ አዳኞች ተገድለው ነበር። በ2020 ቁጥሩ 11 ነበር። አውራሪስ በዚያ ዓመት አንድም አልተገደለባቸውም።

«ሕጉ ብቻውን ነው ይሄን ሁሉ የሠራው?» ይላል ተጠራጣሪው፤ ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቅ ደስ ይለዋል።

አይደለም። በ2020 ኮሮና አውሮፕላኑን ሁሉ መሬት አውርዶት ነበር። ጠባቂው ተጨምሯል፣ ናይሮቢ አየር ማረፊያና ሞምባሳ ወደብ ላይ ጥርስና ቀንድ የሚያሸቱ ውሾች ቆመዋል፤ ሌላው ቢቀር ውሻ ሥጋ እንጂ ጉቦ አይበላም። ቻይናም ገበያዋን ዘግታለች። ሆኖም ጠባቂውም ውሻውም ይዘው የሚያስረክቡት ለፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ በአንድ ዶላር የሚሸኘው ከሆነ ውሻው ለምን ይጮሃል?

የኬንያን ሕግ ስናወድስ ግን የሞምባሳውን መዝገብ እንዳንረሳ። በሰኔ 2014 ሞምባሳ ላይ ከ2 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ ተያዘ። ዋና ተጠርጣሪ የተባለው ነጋዴ ከአገር ወጣ፤ ኢንተርፖል ፈለገው፤ ታንዛኒያ ውስጥ ተይዞ መጣ። በ2016 20 ዓመት እስራትና 20 ሚሊዮን ሺሊንግ ተፈረደበት። ጋዜጣው ሁሉ «ትልቁ ዓሣ ተያዘ» አለ። በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የማስረጃ አያያዙ ጉድለት አለበት ብሎ ሰውየውን በነፃ አሰናበተው።

«ዳኛው አጠፋ?» 

«ዳኛው በቀረበለት ወረቀት ነው የሚፈርደው።»

«ታዲያ ሰውየው ንጹሕ ነው?»

«ፍርድ ቤት ነፃ ብሎታል፤ ነፃ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያ ሁለት ቶን የማን ነው?»

እስከ ዛሬ ባለቤቱ አልመጣም። የጠፋ ቦርሳ እንኳ ሬዲዮ ላይ ይነገርለታል።

ሕግ ማጥበቅ ማለት እንግዲህ ቁጥሩን ማግዘፍ ብቻ አይደለም። ፖሊሱ ጥርሱን ሲይዝ እንዴት እንደሚመዝን፣ ማን እንደሚፈርምበት፣ የት እንደሚቀመጥ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በማን ኪስ እንደሚያድር ካልታወቀ፣ ዕድሜ ልክ ያለው ሕግ ነጋዴውን አንድ ሌሊት አያሳድረውም። ከባድ ቅጣትና ልል መዝገብ ሲገናኙ ተጠቃሚው ጠበቃው ነው። ክራቫቱን ያስተካከለው ለዚያ ነው።

ታንዛኒያ ውስጥ ነገሩ ከዚህም ከፍቶ ነበር። በ2009 ወደ 109,000 ይጠጉ የነበሩ ዝሆኖች በ2014 ሲቆጠሩ 43,000 ግድም ሆነው ተገኙ። አምስት ዓመት! በ2019 ዳሬ ሰላም ላይ «የዝሆን ጥርስ ንግሥት» የሚል ስም የወጣላት ቻይናዊት ነጋዴ ከሁለት ታንዛኒያውያን ጋር 15 ዓመት ተፈረደባት፤ ክሱ ከ2000 እስከ 2014 ድረስ ወደ 860 ጥርሶች አሻግራለች የሚል ነበር። ሴትየዋ ምግብ ቤት ነበራት፤ በነጋዴዎች ማኅበርም ወንበር ነበራት። ነጋዴው ጫካ ውስጥ አይኖርማ! ጫካ ውስጥ ያለው ተኳሹ ነው፤ ነጋዴው ሻይ እየጠጣ ነው።

«ሕግ ገበያን አያቆምም፤ ፈላጊ ካለ አቅራቢ አለ» ይላል እንዲህ ያለው ነጋዴ፤ ምጣኔ ሀብት የተማረ ነው።

«በ2014 ኪሎው ስንት ነበር?»

«2,100 ዶላር።»

«በ2017 መጀመሪያስ?»

ዝም።

እኔ ልንገረው፤ 730 ዶላር። ቻይና በ2017 መጨረሻ የዝሆን ጥርስ ንግድን ጨርሳ ልትዘጋ መሆኑን ስታሳውቅ፣ በሩ ሳይዘጋ ዋጋው ቁልቁል ወረደ። ገበያ ሕግ ይፈራል። የማይፈራው የማይደርስበትን ሕግ ነው።

አሁን ደግሞ ዶላር ናፋቂው ተነሣ። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ውስጥ 6.1 ቶን የተያዘ የዝሆን ጥርስ በእሳት ሲቃጠል ጀምሮ ይኸው ያንገበግበዋል።

«ዶላር አቃጠሉ! በዶላር እጥረት ጊዜ!»

«ስንት ዶላር?»

«ቁጥር የለውም!»

ቁጥርማ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ልዩ ፈቃድ አግኝተው ወደ 102 ቶን ጥርስ ለቻይናና ለጃፓን ሸጡ። ያገኙት 15 ሚሊዮን ዶላር ግድም ነው። አካፍሉት፤ ኪሎው 150 ዶላር አካባቢ ይመጣል። የኛ 6.1 ቶን በዚያ ዋጋ ቢሸጥ 1 ሚሊዮን ዶላር አይሞላም ነበር። ሻጮቹ በ150 ሸጡ፣ ቻይና ውስጥ ከስድስት ዓመት በኋላ 2,100 ገባ፤ ትርፉ የማን ኪስ እንደገባ ለዶላር ናፋቂው ትቼለታለሁ። ያ ሽያጭ ከዚያ በኋላ የመጣውን እልቂት አባብሷል ወይስ አላባባሰም በሚለው ምሁራን እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። እኔ ግን ይሄን አውቃለሁ፤ ሕጋዊው ጥርስም ሕገወጡም ነጭ ነው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ፈቃዱ የማን እንደሆነ ጥርሱ አይናገርም።

ኬንያ በሚያዝያ 2016 105 ቶን አቃጠለች፤ ከ1.3 ቶን በላይ የአውራሪስ ቀንድ ጨምራ። ጭሱን ያየ ሁሉ አለቀሰ፤ ግማሹ ለዝሆኑ፣ ግማሹ ለገንዘቡ።

የአውራሪስ ነገር ከተነሣ መድኃኒት ነጋዴው ቀረብ ይበል።

«ቀንዱ ትኩሳት ያበርዳል፣ ካንሰር ይነቅላል።»

«ኬራቲን ነው። ጥፍርህም ኬራቲን ነው። ቆርጠህ፣ ፈጭተህ ጠጣው፤ ዋጋም የለው፣ ጠባቂም አይተኩስብህ።»

«የኔ ጥፍርማ ቆሻሻ አለበት!»

«የአውራሪሱ በሳሙና ታጥቦ ነው?»

የዚህ ሰው ወሬ ስንት እንደገደለ እዩ። ቬትናም ውስጥ ቀንዱ ካንሰር ያድናል የሚለው ወሬ በተናፈሰበት ዘመን ደቡብ አፍሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. 13 አውራሪስ ነበር በሕገወጥ አዳኝ ያጣችው። በ2014 1,215። በ2024 420 ደርሷል፤ ቀነሰ ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ከ1,215 ጋር ሲተያይ ቀንሷል፣ ከ13 ጋር ሲተያይ ግን ደስታው ትንሽ ይታገሥ።

ከመድኃኒቱ በፊት ጌጡ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመናውያን የነዳጅ አገር ሠርተው ገንዘብ ሲይዙ የወገብ ጩቤያቸውን፣ የጃምቢያን፣ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ማሠራት ክብር ሆነ። ጥቁሩ አውራሪስ በ1970 65,000 ግድም ነበር፤ በ1995 2,400 ያህል ቀረ። ቀይ ባሕርን ተሻግረን የመናዊውን ከመተረባችን በፊት ግን የራሳችንን ግድግዳ እንይ። የኛም መኳንንት የጎራዴ እጀታ፣ የኛም የጠጅ ዋንጫ ከአውራሪስ ቀንድ ተሠርቷል። አውራሪስ ከዱራችን ጠፍቷል ተብሎ ከታመነ ቆየ። ዋንጫው አለ፣ ጠጪው አለ፣ ባለቀንዱ የለም።

«ባህላችንን አትንካ!» አሉ ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «አባቴ ዝሆን ገዳይ ነበር! ጥሎ፣ ዘራፍ ብሎ ነው አደባባይ የወጣው!»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። አባትዎ ገድለው ፎከሩ። የዛሬው ገድሎ ይደበቃል። ጀግና ከሆነ ቦሌ ፍተሻ ላይ ዘራፍ ይበላ!»

ጋሼ ሳቁ። ጋሼን የምወዳቸው ለዚህ ነው፤ ሲተረቡ ይስቃሉ። ጠበቃው ቢሆን ክስ ይመሠርት ነበር።

ቀጥሎ «ዝሆን ሞልቷል» ባዩ ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ ምላስ አላጠፋም። በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ታላቁ የዝሆን ቆጠራ በ18 የአፍሪካ አገሮች ከአውሮፕላን ቆጥሮ 352,271 የሳቫና ዝሆን አገኘ። ከ2007 እስከ 2014 ባለው ጊዜ 30 በመቶው አልቆ ነበር። «ሞልቷል» የሚለው ሰው ያየው ቢራ ጠርሙስ ላይ ሊሆን ይችላል።

ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣሽው እህቴ ደግሞ፣ አንቺን በፍቅር ነው። ባለሱቁ ነጭ አምባር አውጥቶ «የአጥንት ነው፣ ግን ለአንቺ እውነቱን ልንገርሽ» ብሎ ጆሮሽ ላይ ካንሾካሾከ እግርሽን አንሺ። አሜሪካ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዝሆን ጥርስ ንግድ ላይ በሩን ከሞላ ጎደል ዘግታለች። ደለስ ኤርፖርት ላይ «የአያቴ ነው» ብትይ «አያትሽ የት ነው የገዙት?» ይሉሻል፤ አያትሽን ከመቃብር ቀስቅሰሽ ምስክር ልታቆሚ ነው?

አንድ ሰው ቀረ። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው ገበሬ። ከባቢሌ ነው የመጣው።

የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ለዝሆኖቹ ሲባል የተከለለ፣ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ኦሮሚያንና ሶማሌን ክልል የተሻገረ ስፋት ነው። ዝሆኑ ክልል አያውቅም፤ መዝገቡ ግን ያውቃል፤ እዚህ የተገደለ እዚያ ተቆርጦ ሌላ ቦታ ሲጫን የማን ፖሊስ ይከተል የሚለው ጭቅጭቅ ራሱን የቻለ መጠለያ ይፈልጋል። መጠለያው ውስጥ ሰው ሰፍሯል፣ ከሰሉ ይከሰላል፣ እርሻው ይስፋፋል።

«ዝሆኑ ማሽላዬን በአንድ ሌሊት ጨረሰው» አለኝ ገበሬው።

ተረብ የለኝም።

«ማንን ልክሰስ? ዝሆኑን ብነካ እታሰራለሁ። ዝሆኑ እኔን ቢነካኝ ማን ይታሰራል?»

ይሄኛው እኔን ተረበኝ። ከተማ ቁጭ ብሎ ዝሆንን መውደድ ቀላል ነው፤ ማሽላዬን የምገዛው ከሱቅ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ዝሆን አይገባም። ያ የኬንያ ሕግ ለዚህም መልስ ነበረው፤ የዱር እንስሳ ሰው ከገደለ ለቤተሰቡ 5 ሚሊዮን ሺሊንግ ካሳ ይከፈል ይላል፤ ለጠፋ ሰብልም ካሳ አለ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ክፍያው ግን ዓመት እየጠበቀ ተከማቸ፤ ቅጣቱን ሲጽፉ ያልራዱ እጆች ካሳውን ሲከፍሉ ራዱ። ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው። ገበሬውን ጠላት አድርጎ ዝሆንን የጠበቀ አገር የለም፤ አዳኙ ሌሊት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ገበሬው ነው። ያየውን ይናገር ወይስ ዞር ብሎ ይተኛ የሚለውን የሚወስነው በማሽላው ወቅት የደረሰበት ነገር ነው። «ሕጉ ይጥበቅ» የሚሉ ሁሉ እጃቸውን ወደዚህ ሰው የሚቀስሩ ከሆነ እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። ክላሽ ለተሸከመው የመንደር ልጅ 20 ዓመት፣ ላኪው ባለሀብት ደግሞ በዋስ፤ እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕግ ይቅርብን።

ለሕግ አውጪዎቹ እንግዲህ ልመናዬ ይሄ ነው። አዋጅ ባሻሻላችሁና በተካችሁ ቁጥር አዲስ የብር ቁጥር ጽፋችሁ «ጣሪያውን ከፍ አደረግን» አትበሉን፤ ያን ጣሪያ ብር እየወደቀ ወለል ሲያደርገው አይተናል። ቅጣቱን በተያዘው ጥርስ ወይም ቀንድ የገበያ ዋጋ ይህን ያህል እጥፍ ብላችሁ ጻፉት። ለገንዘብ አቅራቢውና ለላኪው «ወይም»ን ሰርዙ፤ እስራቱም ገንዘቡም ይሁን። ተሸካሚው ላኪውን ካጋለጠ ቅጣቱ ይቅለልለት። ፍርድ ቤት የገባ መዝገብም ከአንዲት ዝሆን እርግዝና በላይ አይክረም። ከነጋዴው የሚወረሰው ቤትና መኪና ተሽጦ ባቢሌ ማሽላው ለተበላበት ገበሬ ይከፈል፤ ያውም በዚያው የመኸር ወቅት።